በሰፈር ውስጥ መንገድ ላይ ፍጥነትን ማብረድ

በሰፈር ውስጥ መኪና የሚበር ከሆነ ነዋሪው መጀመሪያ የሚወቅሰው ሹፌሩን ነው። ወቀሳው ተገቢ ነው፤ መሪ የጨበጠ ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው። ነገር ግን በወቀሳ ብቻ የቀረ ሰፈር ከዓመት ዓመት ያው ነው። ዛሬ አንዱን ገሥጸው ቢመልሱት ነገ ሌላ ይመጣል፤ እሱም እንደ ፊተኛው ይበራል፣ ሁለቱም የሚነዱት ያንኑ መንገድ ነውና። ሹፌር ፍጥነቱን በአብዛኛው የሚመርጠው ዓይኑ በሚያየው ነገር ነው። መንገዱ ምን ያህል ይሰፋል፣ እስከ የት ቀጥ ብሎ ይታያል፣ ዳርና ዳሩ ባዶ ነው ወይስ ዛፍና አጥር ቀርቦታል፣ አስፋልቱ ለስላሳ ነው ወይስ ሸካራ? 9 ሜትር የሚሰፋ፣ ቀጥ ያለና አዲስ አስፋልት የለበሰ መንገድ ዳር ላይ 30 የሚል ምልክት ቢተከል፣ ምልክቱ 30 ሲል መንገዱ 60 ይላል፤ እግር የሚሰማው ደግሞ መንገዱን ነው። የሰፈር ፍጥነት በዘላቂነት የሚበርደው መንገዱ ራሱ ሲሠራ ነው ብዬ የማምነው ለዚህ ነው። ምልክቱም፣ ቅጣቱም፣ ምክሩም ከዚያ በኋላ የሚመጡ አጋዦች ናቸው።

ለሰፈር መንገድ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የተመረጠው በዘፈቀደ አይደለም። ደረቅ አስፋልት፣ ደህና ጎማና ፍሬን ያለው መኪና፣ አደጋውን አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ 1 ሰከንድ ብቻ የሚፈጅበት ንቁ ሹፌር እንውሰድ። በ30 የሚመጣው በዚያች ሰከንድ 8 ሜትር ከምናምን ይጓዛል፤ ፍሬን ከያዘ በኋላ 5 ሜትር ያህል ይንሸራተትና በ13 ሜትር ከምናምን ላይ ይቆማል። አሁን ከቆሙ ሁለት መኪናዎች መካከል ኳስ የተከተለ ልጅ 14 ሜትር ፊት ለፊት ብቅ አለ እንበል። በ30 የመጣው ልጁን ሳይነካ ይቆማል። በ40 የመጣው 11 ሜትሩን ገና እግሩን ሲያነሳ ይጨርሰዋል፤ የቀረችው 3 ሜትር ለፍሬን ስለማትበቃ ልጁን የሚያገኘው በ33 ገደማ ፍጥነት ነው። በ50 የመጣው ደግሞ ፍሬኑ ገና ሳይሠራ 14ቱን ሜትር ጨርሷል። የሚመታው በሙሉ 50 ነው፤ በዚያ ፍጥነት መኪናው ይዞት የሚመጣው ጉልበት ደግሞ በ30 ከሚይዘው 2.8 እጥፍ ገደማ ነው። አስፋልቱ ርጥብ ሲሆን በ30 የሚነዳው መኪና እንኳ መቆሚያው ወደ 17 ሜትር ይረዝማል። ሹፌሩ ስልኩን እያየ ከሆነ ሒሳቡን ለመሥራትም ያስፈራል።

የዓለም ጤና ድርጅት አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሞት የሚያስከትል አደጋ የመድረስ ዕድል በ4 በመቶ ያህል ይጨምራል ይላል። ይህ አኃዝ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ሰው «5 ኪሎ ሜትር ብትጨምር ምን አለበት?» ሲል በሰፈር መንገድ ላይ 5 ኪሎ ሜትር ከ10 በመቶ በላይ መሆኑን ያስተውለው። በተቃራኒው የሚጠፋው ጊዜ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። 400 ሜትር የሚረዝም የሰፈር መንገድ በ50 ሲነዱት 29 ሰከንድ፣ በ30 ሲነዱት 48 ሰከንድ ይፈጃል። ክርክሩ ሁሉ ስለ 19 ሰከንድ ነው።

ልጅ መንገድ ሲሻገር የሚመጣውን መኪና ርቀትና ፍጥነት አመዛዝኖ የመወሰን ችሎታው ገና አልጎለበተም፤ ቁመቱም ከቆመ መኪና ኮፈን ስለማይበልጥ ሹፌሩም አያየውም፣ እሱም ሹፌሩን አያይም። ወላጅ ልጁን ማስተማሩ ተገቢ ነው። ሆኖም በሰፈር መንገድ ላይ ስሕተት የሚሠራው ልጅ መሆኑ አስቀድሞ የታወቀ ነገር ስለሆነ መንገዱ ያንን ስሕተት እንዲችል ተደርጎ መሠራት አለበት። የስዊድን ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1997 ያጸደቀው «ዜሮ ራዕይ» የሚባለው ፖሊሲ መሠረቱ ይኸው ነው፤ ሰው ይሳሳታል፣ ስሕተቱ ግን ሕይወቱን ሊያስከፍለው አይገባም።

ወደ ሥራው ስንገባ ቀዳሚው ነገር መለካት ነው። ነዋሪ በረንዳው ላይ ቆሞ «እዚህ ሁሉም በ80 ነው የሚያልፈው» ሲል አብዛኛውን ጊዜ ያጋንናል። ድምፅና ቅርበት ፍጥነትን ያገዝፋሉ። የተጋነነ አቤቱታ የያዘ ሰው ደግሞ መሐንዲሱ መለኪያውን ይዞ በመጣ ቀን ያፍራል፤ እውነተኛው ችግርም አብሮ ይጣላል። ራዳር ከሌለ በስቶፕዎች ይሠራል። ከመታጠፊያ ራቅ ባለ፣ መኪና ፍጥነቱን በያዘበት መሐል ቦታ ላይ 50 ሜትር በሜትር ለክቶ ጫፍና ጫፉን በኖራ ወይም በቀለም ማስመር፤ ከዚያ የፊት ጎማው የመጀመሪያውን መስመር ሲረግጥ ማስጀመር፣ ሁለተኛውን ሲረግጥ ማቆም። 180ን በሰከንዱ ሲያካፍሉ ፍጥነቱ ይወጣል። 6 ሰከንድ 30 ነው፤ 4.5 ሰከንድ 40፤ 3.6 ሰከንድ 50፤ 3 ሰከንድ 60።

ቀላል ቢመስልም የሚያበላሹት ነገሮች አሉ። አንደኛው አቋቋም ነው። ከአንዱ መስመር አጠገብ ሆኖ ሌላውን በሰያፍ የሚያይ ሰው ጎማው መስመሩን የረገጠበትን ቅጽበት ይስታል። 0.2 ሰከንድ ስሕተት 50 ላይ ያለውን መኪና 47 ወይም 53 ያደርገዋል። በየመስመሩ አንድ አንድ ሰው ቆሞ እጁን ቢያነሳ፣ ወይም ሁለቱንም መስመር በሚያሳይ ቦታ ስልክ አቁሞ ቪዲዮ ቀርጾ በኋላ በእርጋታ ቢቆጠር ይሻላል። ሌላው፣ ሹፌር አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሶ ወረቀት የያዘ ሰው ካየ ወዲያው ያበርዳል፤ ስለዚህ የሚለካው ሰው ጎልቶ መታየት የለበትም። መለካት ያለበትም በራሱ ፈቃድ የሚነዳው መኪና ነው። ከፊቱ ያለውን ተከትሎ የሚሄደው የራሱን ፍጥነት ስላልመረጠ አይቆጠርም፤ ከፊተኛው ቢያንስ 5 ሰከንድ የራቀውን ብቻ መመዝገብ ነው። ቢያንስ 100 መኪና፣ በሥራ ቀንም በዕረፍት ቀንም፣ ጠዋትም ማታም።

ከዚያ ቁጥሮቹን ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው መደርደርና 85ኛውን ማየት ነው። ከ100 መኪና 85ቱ በዚያ ፍጥነት ወይም ከዚያ በታች ይነዳሉ ማለት ነው፤ መሐንዲሶች የሚጠይቁትም ይህንን ቁጥር ነው። አማካዩ ብቻውን ያታልላል። አማካዩ 34 ሆኖ 85ኛው 47 የሆነበት መንገድ ሊኖር ይችላል፤ ነዋሪውን የሚያስፈራው ደግሞ የላይኛው ጫፍ ነው። ጥቂቶች ብቻ እጅግ የሚበሩ ከሆነና ሌላው የተረጋጋ ከሆነ ያ የትራፊክ ፖሊስ ሥራ ነው። አብዛኛው አብሮ የሚበር ከሆነ መንገዱ ራሱ ፈጣን ነውና ቅጣት አይመልሰውም።

ብዙ ገንዘብና ጉልበት የሚባክነው በማይሠሩ ነገሮች ላይ ነው። «ልጆች አሉ፣ ቀስ ብለህ ንዳ» የሚል ሰሌዳ ልጅ በሌለበት ሰዓትም እዚያው ተተክሎ ስለሚታይ ሹፌር ይለምደውና ማየቱን ይተዋል። የ«ቁም» ምልክትን ለፍጥነት መቀነሻ መትከልም እንዲሁ ነው። በቂ ተሻጋሪ መኪና በሌለበት መገናኛ ላይ የተተከለ «ቁም» ሹፌርን ሕግ መጣስ ያስለምደዋል፤ የቆመውም ቢሆን የጠፋበትን ጊዜ ለማካካስ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ይበልጥ ፈጥኖ ይነዳል። የትራፊክ ፖሊስ በቆመበት ሰዓት መንገዱ ጸጥ ይላል፤ በሄደ ማግሥት ግን ወደ ነበረበት ይመለሳል። ፍጥነትን በመብራት የሚያሳይ ሰሌዳ ከእነዚህ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን አንድ ቦታ ላይ ሲቆይ ጉልበቱ ስለሚደክም በየጥቂት ሳምንቱ ቦታ መቀየር አለበት።

አሁን ሁሉም ሰው ወደሚጠይቀው ወደ ጉብታ እንምጣ፤ ብዙ ሰው ስፒድ ብሬከር የሚለው። ስለ ጉብታ በደንብ መናገር የሚያስፈልገው በትክክል ሲሠራ ከሁሉም የተሻለ ስለሚሠራ፣ ሲበላሽ ደግሞ ራሱ አደጋ ስለሚሆን ነው። ነዋሪ ገንዘብ አዋጥቶ በሌሊት በሲሚንቶ የሚሠራው ጉብታ አብዛኛውን ጊዜ ወርዱ ከ30 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር፣ ከፍታው 12 ወይም 15 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህ አጭርና ሹል ቅርጽ ቀስ ብሎ የሚያልፈውን ይቀጣል፤ የቤት መኪናን ሆዱን ይቧጭረዋል፣ ሞተር ሳይክልን ይጥላል፣ በአምቡላንስ ውስጥ የተኛን በሽተኛ ያሠቃያል። በፍጥነት የሚያልፈውን ግን ብዙም አያስቸግረውም። ምክንያቱ ጎማው ወጥቶ እስኪወርድ ያለው ጊዜ እጅግ ስለሚያጥር ባሌስትራውና ሞላው ድንጋጤውን ይውጡታል፤ የመኪናው አካል ሳይንቀሳቀስ ጉብታው አልፏል። ረጅም ፒክአፕ የያዘ ሹፌር ፍጥነት ሳይቀንስ የሚሻገረው ይህንን ስላወቀ ነው።

መፍትሔው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በብሪታንያ የትራንስፖርትና የመንገድ ምርምር ላቦራቶሪ በተደረገ ሙከራ ነው። እስከ ዛሬ በሙከራው መሪ ስም «ዋትስ» የሚባለው ጉብታ መኪና በሚሄድበት አቅጣጫ ሲለካ 3.7 ሜትር ይረዝማል፤ ከፍታው ደግሞ በመጀመሪያ 10 ሳንቲ ሜትር ነበር፣ በኋላ በብዙ ቦታ ወደ 7.5 ዝቅ ብሏል። ርዝመቱ በቤት መኪና የፊትና የኋላ ጎማ መካከል ካለው ርቀት ስለሚበልጥ መኪናው ሙሉ አካሉ ተነሥቶ ሙሉ አካሉ ይወርዳል። በ25 ወይም በ30 ለሚያልፈው ምቹ ነው፤ ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር ምቾቱ ይቀንሳል። የሚፈለገው ይህ ነው።

ይህ ጉብታ የሚበላሸው ሥራው ላይ ነው። አስፋልት አንጥፎ በሮለር ማጠጋጋት አይበቃም፤ ቅርጹን የሚያወጣ ጣውላ አስቀድሞ ተቆርጦ መዘጋጀት አለበት። ከፍታው መሐሉ ላይ 75 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ከመሐል ግማሽ ሜትር ራቅ ሲሉ 70፣ 1 ሜትር ላይ 53፣ አንድ ሜትር ተኩል ላይ 26፣ 1.85 ሜትር ላይ ዜሮ ይሆናል። ነባሩ አስፋልት በጉብታው ሁለት ጫፎች 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ተቆርጦ አዲሱ ካልገባበት፣ ስስ ሆኖ የሚያልቀው ጠርዝ ከጥቂት ወራት በኋላ ይላጣል፤ የተላጠው ጠርዝ እንደ ደረጃ ይሆንና ሞተረኛን ይጥላል። ሬንጁ ሳይረጭ ከተነጠፈም አዲሱ ከአሮጌው አይያያዝም። በሮለር ከተጠቀጠቀ በኋላ ዳር እስከ ዳር ክር ወጥሮ በሜትር መለካትና ልዩነቱ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ አስፋልቱ ሳይቀዘቅዝ ማስተካከል ነው። ከቀዘቀዘ በኋላ የሚደረግ ማስተካከያ ሁሉ ልጣፍ ነው።

አንድ ጉብታ ብቻውን የሚያበርደው ራሱ ያለበትን 30 ሜትር ያህል ነው። መንገዱን ሙሉ 30 ላይ ለማቆየት በየ60 እስከ 80 ሜትሩ መደገም አለበት፤ ርቀቱ ከ100 ሜትር ካለፈ ሹፌር በመካከሉ ፈጥኖ ይነዳና ጉብታው ጋ ፍሬን ይረግጣል፣ ያ ደግሞ ለጎረቤቱ ጩኸትና ጭስ ነው። የመጀመሪያው ጉብታ መኪናው ገና ሳይፈጥን ከመግቢያው ብዙም ሳይርቅ ቢሆን ጥሩ ነው። ኩርባ ላይ፣ ከ8 በመቶ በላይ በሆነ ቁልቁለት፣ በግቢ በር ፊት፣ በማንሆል ላይ አይሠራም። ማታ የመንገድ መብራት የማያገኘው ቦታ ላይም አይሠራም፤ ነጭ ቀለሙ የጠፋና መብራት የሌለው ጉብታ ለሞተረኛ ወጥመድ ነው።

ሰው የሚረሳው ነገር ውሃ ነው። ጉብታ ከዳር እስከ ዳር ከተዘረጋ የዝናቡን ውሃ ይገድበዋል፤ የቆመ ውሃ አስፋልቱን ከሥር ይበላዋል። ስለዚህ ከጠርዝ ድንጋዩ 20 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ይተዋል። ያ ክፍተት ደግሞ የሞተር ሳይክል ማምለጫ ይሆናል። ብዙ ሞተር ባለበት ሰፈር ጉብታውን እስከ ዳር አድርሶ ከጎኑ ክዳን ያለው ቦይ መሥራት ወጪው ቢበዛም ይሻላል። አውቶቡስና አምቡላንስ በሚያዘወትሩት መንገድ ላይ ደግሞ ሦስት አማራጮች አሉ። አንዱ ወደ 6.7 ሜትር የሚረዝምና አናቱ ደልዳላ የሆነ ጉብታ ሲሆን መውጫው ወደ 1.8፣ ደልዳላው ወደ 3፣ መውረጃው ወደ 1.8 ሜትር ይሆናል፤ እሱ ፍጥነቱን ወደ 40 ገደማ ያደርሰዋል እንጂ 30 አያደርገውም። ሌላው 1.6 ወይም 1.7 ሜትር የሚሰፋ ትራስ መሰል ጉብታ ነው፤ የግራና የቀኝ ጎማዎቹ የተራራቁለት የእሳት አደጋ መኪና ጉብታውን መሐል አድርጎ ሳይረግጠው ያልፋል፣ የቤት መኪና ግን ቢያንስ በአንድ በኩል ይወጣበታል። ሦስተኛው ጉብታውን ትቶ መንገዱን ማጥበብ ነው።

የጎማ ጉብታ በብሎን ታስሮ ቶሎ ስለሚተከል ብዙ ቦታ ይወደዳል። ለሙከራ ጥሩ ነው። ለዘለቄታው ግን ብሎኑ ይላላል፣ አንዱ ቁራጭ ይነቀላል፣ አስፋልት ላይ የቀረው ብሎን ጎማ ይበሳል። የሚከታተለው ሰው ከሌለ ባይተከል ይመረጣል።

ማጥበብ ከጉብታ ያነሰ ይወራለታል እንጂ እኔ ብመርጥ ከእሱ ነበር የምጀምረው፤ ማንንም አያናጋም፣ አይጮህም፣ አምቡላንስንም አያዘገይም። ሁለት የቤት መኪናዎች ቀስ ብለው ለመተላለፍ 5.5 ሜትር ይበቃቸዋል። 9 ሜትር ከሆነ ትርፉ 3.5 ሜትር የፍጥነት ግብዣ ነው። ትርፉን ለእግረኛ መንገድ፣ ለዛፍ ወይም ለመኪና ማቆሚያ መስጠት ይቻላል፤ ማቆሚያው አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ እየተቀያየረ ከተሰጠ ቀጥ ያለው መንገድ ይጠማዘዛል። መሻገሪያ ላይ የእግረኛውን መንገድ ከየጎኑ 2 ሜትር ወደ መሐል ማውጣት መሻገሪያውን ከ9 ወደ 5 ሜትር ያሳጥረዋል። በሰከንድ 1.2 ሜትር የሚራመድ ሰው አስፋልት ላይ የሚቆይበት ጊዜ ከ7.5 ወደ 4 ሰከንድ ከምናምን ይወርዳል፤ ቀስ ብለው ለሚራመዱ አረጋውያን ልዩነቱ ከዚህም ይበልጣል። ከመሻገሪያ ቢያንስ 5 ሜትር ውስጥ መኪና መቆም የለበትም፤ ይህን በምልክት ከመለመን ድንጋይ ወይም የአበባ ገንዳ ማስቀመጥ ይሻላል።

ማዕዘኑንም ልብ ይሏል። መታጠፊያው በ10 ሜትር ሬዲየስ ከተጠጋጋ መኪና ሳያበርድ ይታጠፋል፤ ወደ 4 ሜትር ሲጠብ ግን ለመታጠፍ መቀነስ ግድ ይሆንበታል። ይህ በትንሽ ወጪ ትልቅ ውጤት የሚገኝበት ቦታ ነው። በቀለምና በሚታጠፉ የፕላስቲክ ዘንጎች ማዕዘኑን አጥብቦ ለ3 ወይም ለ6 ወር መሞከር፣ የቆሻሻ ማንሻውና የእሳት አደጋው መኪና መዞር መቻሉን ማየት፣ ከዚያ በድንጋይ ማጽናት ነው። ሙከራ ተቃዋሚንም ያለዝባል። ሰው ያላየውን ነገር ይፈራል፤ ያየውን ግን ይመዝነዋል።

አንዱን መንገድ ብቻ ያበረደ ሰፈር ችግሩን ለጎረቤቱ ሊያሻግር ይችላል። ከዋናው መንገድ መጨናነቅ ለማምለጥ በሰፈር ውስጥ የሚያቋርጠው መኪና ጉብታ ካየ ቀጣዩን መንገድ ይሞክራል። ስለዚህ ሰፈሩን እንደ አንድ አካል ማየት ያስፈልጋል። በ1.5 ሜትር ርቀት የሚተከሉ ምሰሶዎች እግረኛን፣ ብስክሌትንና ተሽከርካሪ ወንበርን ያሳልፋሉ፣ መኪናን አያሳልፉም፤ አንድ ሁለት ቦታ ላይ እንዲህ ሲደረግ ነዋሪ ቤቱ ድረስ በመኪናው ይገባል፣ አቋራጩ ግን ይቀራል። በቁልፍ የሚነሣ ምሰሶ ማድረግና ቁልፉን ለእሳት አደጋ መከላከያ መስጠት ግን የግድ ነው። በኔዘርላንድስ ዴልፍት ከተማ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የተጀመረውና እ.ኤ.አ. በ1976 ሕግ የወጣለት የመኖሪያ መንገድ ሐሳብ ከዚህም አልፎ መኪናን በእግረኛ ፍጥነት የሚሄድ እንግዳ አድርጎታል። የኦስትሪያዋ ግራትስ እ.ኤ.አ. በ1992 ከዋና ዋናዎቹ በቀር መንገዶቿን ሁሉ 30 አድርጋለች። ሄልሲንኪ ፍጥነት መቀነስንና መንገድ ማስተካከልን ለዓመታት ስትሠራ ቆይታ እ.ኤ.አ. በ2019 በትራፊክ አደጋ የሞተ አንድም እግረኛ አልመዘገበችም።

ለሚመለከተው ቢሮ የሚጻፈው ደብዳቤ «ጉብታ ይሠራልን» ማለት የለበትም። ችግሩን ይናገር፣ መፍትሔውን ከመሐንዲስ ጋር ይምከርበት። የመንገዱ ንድፍ፣ ስፋቱና ርዝመቱ፣ የተለካው 85ኛ ፍጥነት ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር፣ በቀን ስንት መኪና እንደሚያልፍ፣ ትምህርት ቤትና መሻገሪያ የት እንዳለ፣ የደረሱና ለጥቂት የተረፉ አደጋዎች ከነቦታቸው። ፊርማ ሲሰበሰብ ጉብታው ደጁ የሚሠራበት ሰው መጀመሪያ መጠየቅ አለበት። ባዶ የጭነት መኪና ጉብታ ላይ ሲዘል የሚሰማው ድምፅ የሚነቀንቀው የእሱን መስኮት ነው፤ ሳይጠየቅ ከተሠራ ተቃውሞው ትክክል ነው።

ሥራው ካለቀ ከ3 ወር ገደማ በኋላ ያንኑ 50 ሜትር በዚያው ሰዓት እንደገና መለካት፣ አጎራባቾቹን መንገዶችም አብሮ መለካት ያስፈልጋል። 85ኛው ከ47 ወደ 38 ወርዶ ከቀረ ጉብታዎቹ ተራርቀዋል ወይም ከፍታቸው አንሷል፤ አንድ መጨመር ወይም መሐል ላይ ማጥበብ ይቻላል። ጎረቤት መንገድ ላይ የመኪናው ቁጥር ከጨመረ ደግሞ ምሰሶ የሚተከልበት ቦታ ገና አልተገኘም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በዓመት አንዴ ከክረምት በፊት ነጩ ቀለም ይታደሳል፣ ጠርዙ ይፈተሻል፣ ቦዩ ይጠረጋል።